ዐውሎ ነፋስ የመታው ደን እንዴት ያገግማል?

የተፈጥሮ አደጋ ሲነሣ በኢትዮጵያዊ አንባቢ ሐሳብ አስቀድሞ የሚመጣው የዝናብ መጥፋትና እርሱን ተከትሎ የሚደርሰው ረሀብ ነው። ሐሪኬን እየተባለ የሚጠራው ከባድ የባሕር ዐውሎ ነፋስ ግን የሩቅ አገር ጣጣ ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ሁለቱ አደጋዎች በሰማይ በኩል ዝምድና አላቸው። በክረምት ወራት አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጠው የሚያልፉ የአየር ሞገዶች አሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በዳርፉር ተራሮችና በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ከሚከማቸው ነጎድጓዳማ ደመና እንደሚነሡ የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ሞገዶቹ የምዕራብ አፍሪካን ጠረፍ አልፈው በሞቃቱ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሲደርሱ ጥቂቶቹ ኃይል እየጨመሩ ወደ ሐሪኬንነት ይለወጣሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊሊያም ግሬይ በ1990 ባወጡት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ሳህል በድርቅ በተመታባቸው ከ1970 እስከ 1987 ባሉት ዓመታት የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ የመቱት ብርቱ ሐሪኬኖች፣ ዝናብ በቂ ከነበረባቸው ከቀደሙት ዓመታት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ያነሱ ነበሩ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱም አደጋዎች ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ግን አንድ ነው። አደጋው ካለፈ በኋላ መሬቱ የቀድሞ ልብሱን መልሶ ይለብሳል ወይስ አይለብስም? ለዚህ ጥያቄ ከሌላው ይልቅ የተሟላ ማስረጃ የሚሰጠው ሁጎ የተባለው የ1989 ሐሪኬን ነው፤ ምክንያቱም ያለፈባቸው አንዳንድ ደኖች ከአደጋው በፊት ሲጠኑ የኖሩ በመሆናቸው ነው።

ሁጎ ሴፕቴምበር 18 ቀን የፖርቶ ሪኮን ምሥራቃዊ ክፍል ከመታ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ በደቡብ ካሮላይና ግዛት በቻርለስተን ከተማ አጠገብ ወደ የብስ ገባ። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከከተማይቱ በስተ ሰሜን ባለው ጠረፍ በነፋስ የተገፋው የባሕር ውኃ እስከ 6 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጣ። በግዛቲቱ ወደ 1.8 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ደን ተጎዳ። ፍራንሲስ ማሪዮን የተባለው፣ 100 ሺህ ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ብሔራዊ ደንም በነፋሱ ዋና መንገድ ላይ በመሆኑ ከሁሉ የከፋው ዕጣ ደረሰበት።

ነፋሱ ማንን ጣለ?

ዐውሎ ነፋስ ደንን የሚያጠፋው በጅምላ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ለሚመለከተው ግን ምርጫ አለው። አንዱን ዛፍ ቅጠሉን ብቻ ገፎ ይተወዋል፤ ሌላውን ከወገቡ ይሰብረዋል፤ ሥሩ በዝናብ በራሰ አፈር ላይ ተንሰራፍቶ የቆመውን ደግሞ ከነሥሩ ይነቅለዋል። በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ ከተገኙት ዛፎች መካከል ይበልጥ የተጎዳው ሎብሎሊ የተባለው በፍጥነት የሚያድግ የፓይን ዛፍ ነበር። ቅጠለ ረጅሙ ፓይን ግን ጥልቅ ዋና ሥር ስላለው የተሻለ ጸንቶ ቆመ። እግሩ ሰፊ የሆነው የረግረግ ሳይፕረስም፣ ቁመቱ አጭር ሆኖ ቅርንጫፉን በሰፊው የሚዘረጋው ሁልጊዜ ለምለም ኦክም እንደዚሁ ጥቂት ጉዳት ብቻ ደረሰባቸው።

እዚህ ላይ የሰው እጅ ይታያል። ቅጠለ ረጅሙ ፓይን በቀድሞ ዘመን በደቡባዊ ምሥራቅ አሜሪካ ወደ 36 ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት መሬት ሸፍኖ ይገኝ ነበር። በ1990ዎቹ የቀረው ከ1.5 ሚሊዮን ሄክታር የማይበልጥ ነው። ለጣውላና ለእርሻ ሲባል ተጨፍጭፎ፣ በብዙ ቦታ ቶሎ ለገበያ የሚደርሰው ሎብሎሊ ተተካበት። ስለዚህ ሁጎ በዚያች ሌሊት ያገኘው ደን፣ የአካባቢው ተፈጥሮ ለዘመናት ከነፋስ ጋር እያለማመደ ያሳደገው ሳይሆን በአብዛኛው ገበያ የመረጠው ደን ነበር ማለት ይቻላል።

ነፋሱ ሳይጥላቸው የቀሩትም ሁሉ አልተረፉም። ወደ የብስ የገባው የባሕር ውኃ ተመልሶ ሲሄድ ጨዉን በአፈሩ ውስጥ ትቶት ሄደ። ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ለዓይን ጤነኛ የሚመስሉ የፓይን ዛፎች በሚቀጥለው ዓመት ቅጠላቸው እየቀላ ደረቀ። እንዲህ ያለው ዘግይቶ የሚመጣ ሞት ለጉዳት ቆጣሪዎች ብርቱ ችግር ነው፤ በመጀመሪያው ወር የተጻፈው መዝገብ በዓመቱ ውሸት ሆኖ ይገኛልና።

የወደቀው ይነሣ ወይስ ይተው?

ከአደጋው በኋላ የመጀመሪያው ክርክር በወደቀው እንጨት ላይ ይነሣል። የወደቀ ፓይን በሞቃት አየር ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ሻጋታ ያጠቁረዋል፣ ቅርፊት ሥር የሚኖሩ ጥንዚዛዎችም ይቦረቡሩታል። የደረቀው ክምርም እሳት ከተነሣበት ለአጎራባች መንደሮች የሚያስፈራ ነው። በዚህ ምክንያት በደቡብ ካሮላይና ግንዱን በጥድፊያ የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ የመሰንጠቂያ ፋብሪካዎች ሊጨርሱት ያልቻሉትም ተከምሮ እንዳይበላሽ ያለማቋረጥ ውኃ ይረጭበት ነበር። መንገድ መጥረግና በመንደሮች ዙሪያ የእሳት መከላከያ ክፍት ቦታ ማዘጋጀት ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ከዚያ አልፎ ደኑን በሙሉ በከባድ መኪና ማጽዳት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ለመለየት የተደረገ አንድ ሙከራ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። በሴፕቴምበር 1938 ኒው ኢንግላንድን የመታው ሐሪኬን እጅግ ብዙ ዛፍ ጥሎ ስለነበር፣ የአሜሪካ መንግሥት በአገሪቱ ታሪክ ከታወቁት ታላላቅ የግንድ ማንሣት ዘመቻዎች አንዱን አካሄደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በማሳቹሴትስ የሚገኘው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ደን ባለሙያዎች፣ በመሬቱና በወንዞቹ ላይ የታየው ለውጥ የነፋሱ ነው ወይስ የዘመቻው? ብለው ጠየቁ። በ1990 አነስተኛ የደን ክልል መርጠው፣ በ1938 የወደቁትን ምሳሌ በመከተል አብዛኞቹን ትልልቅ ዛፎች በዊንች እየጎተቱ ጣሉ። ከዚያ በኋላ ምንም ሳያነሡ ተዉት።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። ከወደቁትና ከተሰበሩት ዛፎች አብዛኞቹ በሚቀጥለው ዓመት አጎንብሰውም ተጋድመውም ቅጠል አወጡ። በተከታታዩ ዓመታት ብዙዎቹ ቀስ በቀስ መሞታቸው አልቀረም፤ እስከዚያ ድረስ ግን ጥላቸው መሬቱን ሸፍኖ ስለቆየ፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥና ከሥር የነበረው ችግኝ ቦታውን ለመረከብ ጊዜ አገኘ። የአፈሩ ጠባይ እምብዛም አልተለወጠም። ለዓይን ፍርስራሽ የሚመስለው ቦታ በሥራው ረገድ ገና ደን ነበር። በ1938 ከታየው የውኃ ፍሰት መዛባት ብዙው ከነፋሱ ይልቅ ከግንድ ማንሣቱ ጋር መያያዝ እንዳለበት ባለሙያዎቹ የተረዱትም በዚህ ዓይነት ጥናት ነው። የተጎዳን ነገር ቶሎ አጽድቶ አዲስ መትከል ለሚያየው ሁሉ የሥራ ማስረጃ ሆኖ ይታያል፤ ትቶ መጠበቅ ግን እንደ ስንፍና ስለሚቆጠር ደፍሮ የሚመክረው ባለሙያ ጥቂት ነው።

ከጉቶ የሚነሣ ሕይወት

ከጉቶ ማቆጥቆጥ ምን ማለት እንደሆነ ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ የኢትዮጵያ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። በሞቃት አገር ደኖች ዘንድ ይህ ጠባይ ዋናው የማገገሚያ መንገድ ነው። በፖርቶ ሪኮ የሉኪዮ ተራሮች ሁጎ ባለፈ ማግስት አረንጓዴ የነበረው ገደል ሁሉ እሳት የበላው መስሎ ቡናማ ሆኖ ነበር። ይሁንና ታቦኑኮ የተባለው የአካባቢው ታላቅ ዛፍ የጎረቤቶቹን ሥር ከራሱ ሥር ጋር አጣብቆ ስለሚኖር በቀላሉ አይነቀልም፤ ቅርንጫፉን ለነፋሱ ሰጥቶ ግንዱን ያተርፋል፣ በኋላም ያቆጠቁጣል። ፀሐይ ባገኘው መሬት ላይ ደግሞ በአፈር ውስጥ ተደብቆ የቆየው የሴክሮፒያ ዘር በቅሎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክፍተቱን ሞላው። ሲጠና በቆየ አንድ ተፋሰስ፣ ነፋሱ ከመሬት በላይ ያለውን የዕፀዋት ክብደት በግማሽ ቀንሶት ሳለ በአምስት ዓመት ውስጥ ከቀድሞው 86 በመቶ ያህሉ ተመልሷል። ወደ ጅረቶች ታጥቦ ይወርድ የነበረው ናይትሬትም በሁለት ዓመት ገደማ ወደ ቀድሞ መጠኑ ወረደ።

ክብደቱ ይመለስ እንጂ የዛፎቹ ዓይነት ሁሉ እንደ ነበረ አልተመለሰም ነበር። እንዲያውም በዚያ ደን ውስጥ ከሐሪኬን ይልቅ የቆየው ጠባሳ የሰው ነው። በ1936 ከአውሮፕላን በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ለእርሻና ለእንጨት ተመንጥረው የሚታዩት ቦታዎች፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ ሁጎም አልፎባቸው ሳለ፣ ካልተመነጠሩት ቦታዎች በዛፎቻቸው ዓይነት ተለይተው ይታወቁ ነበር።

ማገገምም ወሰን አለው። በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው ሐሪኬን ያንኑ ደን ሲመታ የገደላቸው ዛፎች ሁጎ ከገደላቸው እጥፍ ያህል ሆኑ፤ ሁጎን ተቋቁመው የነበሩ ጠንካራ እንጨት ያላቸው ዛፎችም ተሰበሩ። የባሕሩ ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ብርቱ ነፋሶች ቢደጋገሙ፣ ቀስ ብለው የሚያድጉት ዛፎች በሁለቱ አደጋዎች መካከል የሚያገኙት ጊዜ አይበቃቸውም የሚል ሥጋት አለ።

የማይመለስ ደንም አለ። በጨዋማ ውኃ ዳር የሚበቅለው ማንግሮቭ በቀይ ባሕር ዳርቻም የሚታወቅ ነው። ከዝርያዎቹ መካከል ቀዩ ማንግሮቭ ትልቅ ግንዱ ከተሰበረ በኋላ ማቆጥቆጥ አይሆንለትም። በኦክቶበር 1998 መጨረሻ ሚች የተባለው ሐሪኬን በሆንዱራስ ጓናሃ ደሴት አጠገብ ከሁለት ቀን በላይ ሲቆይ የደሴቲቱን ማንግሮቭ ከሞላ ጎደል ጨርሶ ገደለው። መሬቱ ራሱ በአብዛኛው ከማንግሮቩ ሥር የተሠራ ነበርና፣ ሥሩ ሞቶ ሲበሰብስ መሬቱ መስመጥ ጀመረ፤ ባለሙያዎች የለኩት ዝቅታ በዓመት 11 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ችግኝ እንዲተከልበት የሚፈለገው መሬት በዚህ ሁኔታ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ውኃው ውስጥ ይገባል። እንዲህ ባለው ቦታ መጠበቅ አይበጅም፤ የተተከለው ሊይዝ የሚችለውም መሬቱ ከመውረዱ በፊት ነው።

በፍራንሲስ ማሪዮን ደን የደረሰው ጉዳት ደግሞ በሌላ መልክ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ባለ ቀይ ምልክቱ ትንሽ ግንደ ቆርቁር ጎጆውን የሚፈለፍለው በሕይወት ባለ አሮጌ ፓይን ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ዛፉ አብዛኛውን ጊዜ ሰማንያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊሆነው ይገባል፤ አንዱን ጎጆ ፈልፍሎ ለመጨረስም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ሁጎ በአንድ ሌሊት ከወፎቹ 63 በመቶውን፣ ጎጆ ካለባቸው ዛፎች ደግሞ 87 በመቶውን አጠፋ። የደኑ ሠራተኞች ከሞት በተረፉት ፓይኖች ግንድ ላይ በመጋዝ ቦታ እየከፈቱ ከእንጨት የተሠሩ የጎጆ ሣጥኖችን አስገቡ፤ ወፎቹም ገቡባቸውና መራባት ጀመሩ። በ2024 የአሜሪካ መንግሥት ዝርያውን ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ አውጥቶ ሥጋት ካለባቸው ተራ አስገብቶታል። ከሁጎ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የበቀሉት ፓይኖች ግን ገና ሠላሳ ዓመት ቢያልፋቸው ነው። ወፉ በራሱ መንቁር ሊፈለፍላቸው የሚችልበት ዕድሜ እስኪደርስ ድረስ ሣጥኖቹን የሚጠግንና የሚተካ ሰው ያስፈልጋል።