ባለ እጅን ስለ ማክበር

እርሻ ያለ ማረሻ አይታረስም፤ እንጀራም ያለ ምጣድ አይጋገርም። ማረሻውን ብረት ቀጥቃጩ፤ ምጣዱን ሸክላ ሠሪዋ፤ ሸማውን ሸማኔው ይሠራሉ። ይህም ሲሆን በብዙ የኢትዮጵያ አገር ሰዎች በሥራቸው እየተጠቀሙ እነርሱን ይንቋቸዋል። ቡዳ ብለው ይሰድቧቸዋል፤ ከማዕዳቸው ያርቋቸዋል፤ በጋብቻም አይቀላቀሏቸውም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ሊያርስ ለሚወድ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደነገገ። ነገር ግን አዋጅ ወደ ሠርግና ወደ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰውን ከሰው ጎን ሊያስቀምጥ አይችልም። ይህን ማድረግ የሚቻለው በመንደሩ የተከበረ ሰው ነው።

«እኔ ማንንም አልሰደብሁም» ማለት አይበቃም። ሽማግሌ ስድብ ሰምቶ ዝም ቢል፤ ዝምታው እንደ ምስክር ተቆጥሮ ለተሳዳቢው ልብ ይሰጠዋል። ስለዚህ ስድቡ በተነገረበት ጉባኤ ፊት ወዲያው ሊገሥጽ ይገባዋል፤ ኋላ ለብቻ የተሰደበውን ማጽናናት ጉባኤውን አያስተምርምና። ደግሞም ከባለ እጁ ጋራ በአንድ ገበታ ይብላ፤ የሥራውንም ዋጋ ሳያጓድል ይክፈል። ስለ ባለ እጆች ጉዳይ በተመከረ ጊዜ፤ ራሳቸው ተጠርተው ይናገሩ እንጂ ሌላ ሰው አፍ አይሁንላቸው።

መምህርም ልጆቹን በመቀመጫና በጨዋታ ያቀላቅል፤ የባለ እጅን ልጅ ግን በጓደኞቹ ፊት ለይቶ በማዘን አያሳፍረው። በሽታ ከተሐዋስያንና ከምግብ ጉድለት፤ ይህንም ከመሰለው ምክንያት እንጂ ከሰው ዓይን እንደማይመጣ ያስረዳ። «ቡዳ በላው» የተባለ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ሳይወሰድ ቢቀር ሊሞት ይችላል፤ ጎረቤቱም ያለ በደሉ በነፍሰ ገዳይነት ይታማል።

ከተናቁት ጋራ የበላ ሰው እርሱም ይታማ ይሆናል። ነገር ግን የእርሱ ሐሜት የአንድ ሰሞን ነው፤ የእነርሱ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። ጥቂቱን ሸክም የተካፈለ የብዙውን ያቀላል።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ በቤታችሁ ካለው ዕቃ የባለ እጅ ሥራ የሆነው የትኛው ነው? የሠራውንስ ሰው ስም ታውቃላችሁን?
፪ኛ፤ ጓደኛችሁ በአባቱ ሥራ ሲሰደብ ብትሰሙ ምን ትላላችሁ?