ተባይ የሚቋቋም የሩዝ ዘር፦ ከመቀበላችሁ በፊት የምትጠይቁት

«ይህ ዝርያ ተባይ ይቋቋማል» ሲባል ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «የትኛውን ተባይ?» የሚለው ነው። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ሩዝ የምታመርቱ አርሶ አደሮች፣ ይህን ሳትጠይቁ ዘር አትረከቡ። ሁሉንም ተባይ የሚችል ሩዝ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

መቋቋም ሲባልም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱን ዝርያ ተባዩ አይወደውም፤ ቀምሶት ይሄዳል። ሌላውን ቢበላውም አይስማማውም፤ ትሉ ይቀጭጫል፣ እንቁላሉም ያንሳል። ሦስተኛው ይበላል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚያገግም ምርቱ ብዙም አይጎድልበትም። ችግር ያለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው፤ ማሳው ሲታይ የተጎዳ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳያስፈልግ መርጫውን ያነሳል።

ዘር አዳቃዮች ጠንካራውን ከደካማው የሚለዩት አፈር በሞላበት ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። የሚፈተኑትን ዝርያዎች በመስመር ይዘሩና ተባይ እንደማይችል የታወቀ አንድ ዝርያ ያስገቡባቸዋል። ቡቃያው ሳምንት ያህል ሲሞላው ገና ክንፍ ያላወጡ ተባዮችን ይለቁበታል። ደካማው ሲደርቅ የቀሩት ከ0 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ 0 ያልተነካ፣ 9 የሞተ ነው። ፈተናውን ያለፈው ምርታማ ከሆነ ዝርያ ጋር ይዳቀላል፤ ልጆቹም በየትውልዱ እንደገና ይፈተናሉ። ሥራው ዓመታት ይፈጃል።

ዓመታት የተለፋበት ዘር ግን ቶሎ ሊሸነፍ ይችላል። በእስያ የሩዝን ግንድ ከሥሩ የምትመጥ ትንሽ ቡናማ ተባይ አለች። በፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም በ1966 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ያወጣው አይ አር 8 ምርቱ የተትረፈረፈ ቢሆንም ይህችን ተባይ አይችልም ነበር። በ1973 እሷን የሚቋቋም አይ አር 26 ወጣ። መከላከያው በአንድ ዘረ መል ላይ ብቻ የቆመ ስለነበር ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ይህን ዝርያ መብላት የሚችል የተባይ ዘር ተፈጠረ። በ1976 የተተካው አይ አር 36 ሌላ ዘረ መል ይዞ ስለመጣ ረዘም ላለ ጊዜ አገለገለ። ያቺው ተባይ የምታስተላልፈውን የቫይረስ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል ያገኘው ደግሞ ከህንድ ከመጣ የዱር ሩዝ ነው። በጣና ዳር ረግረግ የሚበቅለው የዱር ሩዝ በማሳችሁ ውስጥ አረም ነውና ንቀሉት፤ ለአዳቃይ ግን ሀብት ስለሆነ ረግረጉ ላይ ያለውን ፈጽሞ አታጥፉት።

ኢንዶኔዥያ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥታናለች። ጸረ ተባይ በብዛት ሲረጭ ተባዩን የሚበሉት ሸረሪቶች አስቀድመው ስላለቁ ተባዩ መድኃኒቱ ከመረጨቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ተባዛ። መንግሥት በ1986 በሩዝ ላይ 57 ዓይነት ጸረ ተባዮች እንዳይረጩ ከለከለ። ስለዚህ ለሽንኩርት ገዝታችሁ የተረፋችሁን መድኃኒት ሩዝ ላይ አትርጩ።

አገዳ ቆርቋሪ ትልን በሚመለከት ቁርጡን እንናገር፤ በሚገባ የሚቋቋመው ዝርያ እስካሁን የለም። የተሻሉ አሉ፤ የሚያስተማምን ግን አልተገኘም። ጥቃቱን መለየት ቀላል ነው። በቡቃያው ጊዜ መካከለኛው ቅጠል ደርቆ፣ ሲስቡት በቀላሉ ይነቀላል፤ በማሸቱ ጊዜ ዛላው ነጭ፣ ቀጥ ያለና ባዶ ይሆናል። ግንዱን ሰንጥቃችሁ ትሉን ፈልጉ። ትሉ ከአጨዳ በኋላ በገለባው ጉቶ ውስጥ ስለሚቆይ ዝቅ አድርጋችሁ እጨዱ፤ ለከብትም የሚሆነው ገለባ ይበዛላችኋል። ጓያ ወይም ሽንብራ የምትዘሩ ከሆነ ጉቶውን ቀድማችሁ አርሳችሁ ገልብጡ። ዩሪያን በአንድ ጊዜ አትጨምሩ፤ ከፋፍላችሁ ስጡ፤ ከመጠን ያለፈ ዩሪያ ተክሉን አለምልሞ ለተባይ ያመቻቸዋል። ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በተቀራረበ ጊዜ ዝሩ፤ አንዱ ሲያጭድ የሌላው ገና ለጋ ከሆነ ተባዩ ከማሳ ማሳ እየተሸጋገረ ይኖራል።

ሩዝ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ ጥሩ ዘር ከራሳችሁ ማሳ ማስቀረት ትችላላችሁ። ዘሩን የሚያበላሸው ቅልቅል ነው። በአንድ አውድማ ሁለት ዝርያ አትውቁ፤ ለዘር የምታስቀሩትን ገና በማሳ ላይ ሳለ ለዩትና ባዕዱን ዛላ ነቅላችሁ አውጡ።

የፎገራ ሜዳ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ኤክስ-ጅግና በተባለ አንድ የሩዝ ዝርያ መያዙ በእኔ ግምት አደጋ አለው፤ የአንድ ዝርያ ሽንፈት የሁሉም ማሳ ሽንፈት ይሆናል። አዲስ ዝርያ ሲመጣም ሁሉንም ማሳ አትስጡት፤ ከነባሩ ጋር ጎን ለጎን አንድ ክረምት ሞክሩት።

ይቋቋማል የተባለው ዝርያ ድንገት ሲጠቃ ካያችሁ ዝም አትበሉ። የተጎዳውን ተክል ከነሥሩ ነቅላችሁ፣ ተባዩን ካገኛችሁም በብልቃጥ ይዛችሁ፣ በዚያው ቀን ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ አድርሱ።