ከትልቁ አንጀት የተነሳ ካንሰር ጉበት ሲደርስ

የዌይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ወርዶ ሶፍ ዑመር ሲደርስ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ዋሻ ውስጥ ይገባል። በዓለት ምሰሶዎች መካከል ተሽሎክሉኮ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ከአንጀት የሚመለስ ደምም ጉበት ውስጥ የሚያልፈው እንዲሁ ነው፦ ፖርታል በተባለው ደም ሥር ገብቶ በጣም ቀጫጭን በሆኑ ቧንቧዎች ይበተናል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ ወደ ልብ ያቀናል። ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛው ገደማ በዚህ መንገድ የሚመጣ ነው።

መንገዱ ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። አንጀት ውስጥ የከረመ አሜባ አንዳንዴ ጉበት ላይ መግል የሚቋጥረው፣ የቢልሃርዝያ እንቁላልም ጉበትን የሚጎዳው በዚሁ በኩል ሄዶ ነው። ከአንጀት ዕጢ የተገነጠለ የካንሰር ሕዋስም ያንኑ ይከተላል።

እዚያ የሚጠብቁት ግን አሉ። ጀርመናዊው ካርል ኩፕፈር እ.ኤ.አ. በ1876 ያያቸው፣ ዛሬም በስሙ የሚጠሩት ሕዋሳት በቧንቧዎቹ ውስጥ ተጣብቀው ይኖራሉ። ባዕድ ነገር እየያዙ እንደሚውጡ የለየው ግን ፖላንዳዊው ታዴውሽ ብሮቪች ነው፤ በ1898። ለብቻው የመጣ የካንሰር ሕዋስ ብዙ ጊዜ በእነሱ ይዋጣል፣ ወይም ኤንኬ በሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይገደላል።

ያመለጠው ሲሰፍር ነገሩ ይገለበጣል። ከደም ተጠርተው የሚመጡ፣ ማክሮፋጅ የተባሉ ዋጭ ሕዋሳት ዕጢውን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፣ አዲስ ደም ሥር ያበቅሉለታል፣ ካንሰርን የሚዋጉትን ቲ-ሴሎችንም ያዳክማሉ። ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ተህዋስ ለማጥመድ የሚዘረጉት የዲኤንኤ መረብ ሳይቀር ለካንሰሩ ማረፊያ ይሆናል። ጠላትን ለማጥፋት የተሰማራ ኃይል አስተናጋጅ ሲሆን ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስገርማል።

ቲ-ሴሎችን ከእስር የሚፈቱ መድኃኒቶች መሠረት የሆነው ግኝት ለጄምስ አሊሰንና ለታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ከተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ውስጥ ግን ለእነዚህ መድኃኒቶች በደንብ ምላሽ የሚሰጠው የተለየ የጂን ጉድለት ያለው ነው፤ እሱም 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀድሞ መድረስ ይሻላል። በባሌ ሮቤም ሆነ ጎባ የሚኖር፣ ከሰገራው ጋር ደም የሚያይ፣ የሰገራ ልማዱ የተለወጠ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው «ኪንታሮት ነው» ወይም «አሜባ ነው» እያለ መድኃኒት ሲደጋግም መክረም የለበትም፤ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ሄዶ ይታይ። ጉበት የደረሰውም ቢሆን፣ እባጮቹ ጥቂት ከሆኑና የቀረው ጉበት ጤነኛ ከሆነ፣ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ጉበት በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ መልሶ ያድጋል።