ምላስ ሲለወጥ ምክንያቱን ማንን እንጠይቅ?

«ምላሴ ላይ የወጣው ነገር ምን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ለሐኪም ብቻ አይቀርብም፤ ለንስሐ አባትም ይቀርባል። አንዷ ነጭ ሆነብኝ ትላለች፤ ሌላው እንደ ካርታ ተከፋፈለብኝ፣ በርበሬም ያቃጥለኛል ይላል። እነዚህን ተከትሎ ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚመጣ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ «ስንቱን ያማሁበት ምላስ ነው፤ እግዚአብሔር እየቀጣኝ ይሆን?» የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህኛው ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ምላስ የቱን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ አስተምሯል። ስለዚህም ጉልበት ላይ የወጣ ቁስል የማያነሣውን ሐሳብ ምላስ ላይ የወጣው ያነሣል።

እንግዲህ ከመጽሐፍ እንነሣ። ካህኑ ዘካርያስ የመልአኩን የገብርኤልን ቃል ባለማመኑ ዮሐንስ ተወልዶ ስሙ እስኪወጣ ድረስ መናገር ተሳነው። ይህ በእርግጥ ተግሣጽ ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መልአኩ ምክንያቱንም፣ የሚቆይበትንም ጊዜ አስቀድሞ ነግሮታል። ዘካርያስ ይህ ለምን መጣብኝ ብሎ ሲገምት አልኖረም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ ሰባት ደግሞ ጌታችን በአሥሩ ከተማ አገር ደንቆሮና ኰልታፋ የሆነውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ምላሱን ዳስሶም ፈወሰው። በዚያ ታሪክ ስለ ሰውየው ኃጢአት የተነገረ አንድም ቃል የለም። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ግን ደቀ መዛሙርቱ በግልጽ ጠይቀዋል፤ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉት ብለው። ጌታ ሁለቱንም ግምት አልተቀበለም።

ከእነዚህ ታሪኮች የምንይዘው ይህን ነው፤ ያልተነገረንን ምክንያት ራሳችን ፈጥረን በእግዚአብሔር ስም መናገር አይገባንም። ስለ ራሳችን ሲሆንም አይገባም፤ ስለ ጎረቤታችን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በሐሜት የበደለ ንስሐ ይግባ። ሐሜት ቁስል ባያወጣም ሐሜት ነውና ንስሐውን ምላስ እስኪታመም ማቆየት አያስፈልግም።

ታዲያ ምክንያቱን ማንን እንጠይቅ? በቀኖናችን ያለው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዛል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታምሞ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት በነቢዩ አፍ ተነግሮት ሳለ፣ ያው ነቢዩ ኢሳይያስ እባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ። የተስፋው ቃል ጥፍጥፉን አላስቀረውም። በዘመናችንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ መወሰድ እንደሚችል በይፋ አስተምረዋል። ስለዚህ መመርመር የእምነት ጉድለት አይደለም።

አሁን ወደ ምላሱ እንመለስ፤ በመጀመሪያ በሽታ ካልሆነው እንጀምር። ብዙ ሰው ምላሱን በደንብ የሚያየው የፈራ ቀን ነው። በስልኩ መብራት እያበራ ምላሱን እስከ ጉሮሮው ስቦ ሲያወጣ፣ ከኋላ በኩል ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ጉልህ ጉብታዎች «ለ» ፊደልን ሠርተው ተደርድረው ያገኛል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። እነዚህ ግን ሲወለድ ጀምሮ የነበሩ፣ ጣዕም የሚለይባቸው የተፈጥሮ ጉብታዎች ናቸው። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ምላስ ጫፍና ጎን ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦችም አብዛኛውን ጊዜ የቆዳ ቀለም እንጂ ደዌ አይደሉም። የምላስ መሰነጣጠቅም እንዲሁ ነው። እንደ ካርታ የሚከፋፈለው፣ ቀዩ ቦታ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚዞረው ምላስም አይተላለፍም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሚጥሚጣ ሲነካው ማቃጠሉ ግን እውነት ነው።

ምክንያት የሚፈለግላቸው ለውጦችም አሉ። ምላስ ጠቁሮ ጠጉር ያበቀለ ሲመስል ብዙ ጊዜ ከሲጋራ፣ ከብዙ ቡናና ሻይ፣ ከአንቲባዮቲክ ወይም ከአፍ ንጽሕና ጉድለት ጋር ይያያዛል። ሲጠርጉት የሚነሣና ሥሩ ቀልቶ የሚታይ ነጭ ነገር የአፍ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ይህ በሕፃናት ላይ የተለመደ ነው፤ በአዋቂ ላይ ሲወጣና ሲመላለስ ግን ስኳርና ኤች አይ ቪ መመርመር ያስፈልጋል። ምርመራውን ከሐፍረት የተነሣ የሚያዘገይ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው።

ልሙጥ፣ ቀይና የሚያቃጥል ምላስ ደግሞ የአይረን፣ የፎሌት ወይም የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጿሚ ሁሉ ያድምጥ። ቢ 12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች በአንድ ዐቢይ ጾም አያልቅም፤ በፍስኩም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማያገኝ ሰው ግን ሊያጥረው ይችላል። የጨጓራ ሕመምና ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚንም እጥረቱን ሊያመጡ ይችላሉ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ አይረን ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። መልሱ ጾምን መንቀፍ አይደለም፤ ደም ማስመርመር ነው። ሐኪም የፍስክ ምግብ ካዘዘ ከንስሐ አባት ጋር ይመከራል፤ ሥርዓታችን ሕመምተኛን እንደ ጤነኛ አያስጾምም።

በቸልታ የማይታለፈው ይህ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ በተለይ በምላስ ጎን ላይ የወጣ ጠንካራ እብጠት። ካንሰር ሲጀምር ላያም ይችላልና «አያመኝም» ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ሲጋራና አልኮል የሚወስድ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይፍጠን። ሐኪሙ ናሙና ልውሰድ ካለ ፍቀዱለት። ምላስ በድንገት ካበጠ፣ ለምሳሌ እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ፣ ወይም አፍ ተጣሞ ንግግር ከተኰላተፈ፣ ነገን ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

በሐኪም ፈንታ እንጥል ማስቆረጥና አፍ ውስጥ በምላጭ መንካት አሁንም በየመንደሩ አለ። ይህ ደም ያፈሳል፤ ኢንፌክሽንም ያመጣል። አባቶች ያወረሱን ሃይማኖት አይደለምና በሃይማኖት ስም አትከላከሉለት።

በቀን አሥር ጊዜ መስታወት ፊት ለሚቆም ደግሞ ምክሬ ይህ ነው። ዛሬ በጥሩ ብርሃን አንድ ጊዜ እዩት፤ ፎቶ አንሡት፤ ቀኑን ጻፉ፤ ከዚያ ተዉት። የአደጋ ምልክት ከሌለ በሁለት ሳምንቱ አነጻጽሩት፤ ካልዳነ ጥርስ ሐኪም ዘንድም ሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ ሳትደብቁ ንገሩ። ጠበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን አታቋርጡ።