ሽታና ጣዕም ሲጠፉ

አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በቃላችን ስናጠና አድገናል፤ ማየት፣ መስማት፣ መዳሰስ፣ መቅመስ፣ ማሽተት። ማሽተት ዘወትር ከተራው መጨረሻ ነው የሚቆመው። «ከአምስቱ አንዱን ስጥ ብትባል የቱን ትሰጣለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ሳያመነታ አፍንጫውን የሚያስረክብ ይመስለኛል። ዐይኑ ለጠፋ ሰው መንገድ እንለቃለን፤ ጆሮው ለደከመ ሰው ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። ሽታ ለጠፋበት ሰው ግን የምናደርግለት ነገር የለም፤ መጥፋቱንም አናውቅለትምና። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ይህ ጉዳት ቀላል አለመሆኑን ነው፤ ይልቁንም ባለጉዳዩን አብዝቶ የሚጎዳው ነገሩን ብቻውን ደብቆ መያዙ እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያ ምላስንና አፍንጫን እንለያይ። ምላስ ብቻውን የሚያውቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ጣፋጭ፣ ጨው፣ ኮምጣጣና መራራ። በ1908 እ.ኤ.አ. ኪኩናዬ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከባሕር ሣር መረቅ አምስተኛ ጣዕም ለይቶ «ኡማሚ» ብሎታል። የቀረው ሁሉ፣ እኛ «ቃና» የምንለው፣ በአብዛኛው የአፍንጫ ሥራ ነው። ምግብ ሲታኘክ የሚተነው ሽታ በጉሮሮ በስተኋላ በኩል ወደ አፍንጫ ጣሪያ ይወጣል፤ አእምሮም ከምላስ የመጣውንና ከአፍንጫ የመጣውን አዋሕዶ «ጣፈጠኝ» ያሰኛል። የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር አፍንጫውን በሁለት ጣቱ አጥብቆ ይያዝና ጥቂት የተፈጨ ቀረፋ ከስኳር ጋር ምላሱ ላይ ያድርግ። የሚሰማው ስኳሩ ብቻ ነው። ጣቱን ሲለቅ ግን ቀረፋው ወዲያው ይደርሳል።

በአፍንጫችን ጣሪያ ላይ ስፋቱ ከጥቂት ካሬ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሥስ ሽፋን አለ። ሽታን የሚቀበሉት የነርቭ ሕዋሳት ያሉት በዚያ ነው። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሴል የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የሽታ ተቀባዮችን ምሥጢር ገልጠው በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። የሰው ልጅ ወደ 400 የሚጠጉ የተቀባይ ዓይነቶች አሉት። አንድ ሽታ የሚታወቀው በአንድ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹ ባንድነት ሲነኩ ነው። በበገና ቢመሰል ያስኬዳል፤ ዜማው የሚወጣው አውታሮቹ እንደየተራቸው ሲመቱ እንጂ ከአንድ አውታር አይደለም። ከአውታሮቹ ከፊሉ ቢበጠሱ ግን ዝምታ አይሆንም፤ የተበላሸ ዜማ ይሰማል። ይህን ምሳሌ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ማዕዳችን እናምጣው። ሽታ የጠፋበት ሰው ዶሮ ወጥ ቢቀርብለት ምን ይደርሰዋል? የእንጀራው መኮምጠጥ ይደርሰዋል፤ ጨውም ይደርሰዋል። የበርበሬው ማቃጠል ሳይቀር ይደርሰዋል፤ ማቃጠል በእውነቱ ጣዕም ሳይሆን የሕመም ስሜት ስለሆነ የሚጓዘው የፊትን ስሜት በሚያደርሰው በሌላው ነርቭ ነው። የማይደርሰው ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮሰረቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና የተነጠረው ቅቤ ነው። እናቶቻችን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ አምሰው፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፈው ያዘጋጁት ሁሉ በዚያ ሰው አፍ ውስጥ እሳትና ጨው ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ባዶውን ለመሙላት ጨው ይጨምራል፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ሌላ ጣጣ ነው። ሌላው ደግሞ ምግብ ያስጠላውና ይከሳል።

መንስኤው ብዙ ነው። ጉንፋን፣ ሳይነስና በአፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ሥጋ መንገዱን ይዘጋሉ። በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው በአጥንቱ ቀዳዳዎች የሚያልፉት ቀጫጭን የሽታ ነርቮች ሊበጠሱበት ይችላሉ። እርጅና ያደክማል። ከልደቱ ጀምሮ ሽታ የማያውቅም አለ። ፓርኪንሰን የተባለው የመንቀጥቀጥ በሽታም ብዙ ጊዜ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት በፊት ሽታን ያጠፋል።

ጉዳዩን ባንድ ጊዜ የአደባባይ ወሬ ያደረገው ግን ኮሮና ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ሽታ መጥፋት ከምልክቶቹ አንዱ መሆኑን ያልሰማ ቤት አልነበረም። ተመራማሪዎች እንደደረሱበት ቫይረሱ በዋናነት የሚያጠቃው የሽታ ነርቮቹን ራሳቸውን ሳይሆን ደግፈው የሚይዟቸውን ሕዋሳት ነው፤ ስለዚህም የብዙ ሰው ሽታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሷል። የዓለም የጤና ድርጅት ድንገተኛው አደጋ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያውጅ ግን ሽታቸው ያልተመለሰ ወይም ተዛብቶ የተመለሰ ሰዎች በየአገሩ ቀርተዋል። (በዚያ ሰሞን በየቤቱ ባሕር ዛፍና ዝንጅብል አፍልቶ መታጠን የተለመደ ነበር። የታፈነ አፍንጫን ሊያቀል ይችላል፤ የተጎዳ ነርቭን ግን አይጠግንም። የፈላ ውኃ ከሕፃናት አጠገብ ማስቀመጥም አደገኛ ነው።)

እዚሁ ብስራተ ገብርኤል ሰፈር አንዲት እናት አሉ። በ2013 ዓ.ም. ታመው ዳኑ፤ ሽታው ግን ጠፋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሰ ሲባል የተመለሰው ሌላ ሆኖ ነው። ቡና ሲቆላ የተቃጠለ ጎማ ይሸታቸዋል፤ ሽንኩርት ሲቁላላ የበሰበሰ ነገር። በወጥ ሙያቸው የሚታወቁ ሴት ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቅመሙን የምታሸትላቸው ልጃቸው ሆነች። የጎረቤት ቡና ላይ መቅረት ጀመሩ። በእኛ አገር ከቡና መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። «እትዬ፣ ምን አስቀየምንዎት?» ተባሉ። «ኧረ ምንም፣ ሆዴን አሞኝ ነው» ይሉ ነበር።

የከበደው ግን የቡናው ነገር አልነበረም። ዕጣንም ይከረፋቸው ጀመር። ዕጣን የሸሸ ሰው ክፉ መንፈስ አለበት የሚለው አነጋገር በየመንደሩ ስላለ፣ ካህኑ ጽናውን ይዘው ሲያልፉ ፊታቸው እንዳይለወጥ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እየሳቡ ብዙ ወራት ቆዩ። ለንስሐ አባታቸው እንኳ ሊነግሩ ፈሩ። በሽታው ካደረሰባቸው ይልቅ ይህ ፍርሃት የባሰ መሰለኝ።

እውነቱ ግን ይህ ነው። ሁኔታው በሕክምና ስም አለው፤ ፓሮስሚያ ይባላል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት በገና ማለት ነው፤ የተጎዱት ነርቮች ሲያገግሙ ከፊሎቹ ይሠራሉ፣ ከፊሎቹ አይሠሩም፤ አእምሮም የጎደለውን መልእክት እንደ ክርፋት ይተረጉመዋል። በየአገሩ ያሉ ሕመምተኞች የሚያማርሩትም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ቡና፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ እንቁላል። በ2022 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቡናን ሽታ ወደ ነጠላ ንጥረ ነገሮቹ ከፋፍለው ለሕመምተኞች ሲያሸትቱ፣ ብዙዎቹን ያስጠላቸው ፉራንሜታንታዮል የተባለው ሆኖ ተገኘ። ይህ ነገር ለጤነኛ አፍንጫ የተቆላ ቡና መዓዛን ከሚሰጡት ዋነኞቹ አንዱ ነው። እንግዲህ የእኚያን እናትና የአንድ የለንደን ነዋሪን አፍንጫ በአንድ መንገድ የሚያዛባ ነገር የነርቭ ጉዳይ ነው እንጂ የመንፈስ አይደለም። ዕጣንም ቢሆን ሙጫ ነው፤ ከትግራይና ከመተማ በኩል ከሚገኘው ዛፍ የሚፈስ፣ ሲጤስ ብዙ ንጥረ ነገር የሚበትን። የተጎዳ ነርቭ ቅዱሱን ከሌላው አይለይም።

ደግሞም ነገሩ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ ቤርዜሊ የተባለ ገለዓዳዊ ሽማግሌ አለ። ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ሸሽቶ በነበረ ጊዜ ስንዴና ገብስ፣ ባቄላና ምስር፣ ማርና ቅቤ ካቀረቡለት አንዱ እርሱ ነው። በምዕራፍ 19 ንጉሡ ውለታውን ሊመልስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጋብዘው ግን እንቢ ይላል፤ የ80 ዓመት ሰው ነኝ፣ የምበላውና የምጠጣው አይጣፍጠኝም ብሎ። እኔን የሚገርመኝ በንጉሥ ፊት ሳያፍር መናገሩ ነው። ዳዊትም አልተከራከረውም፤ ስሞ ባርኮ ሸኘው እንጂ።

አደጋም አለበት። የቡታጋዝ ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ የለውም ለማለት ይቻላል፤ የሚሸተው ሰዎች ሆን ብለው የሚከረፋ ነገር ስለሚቀላቅሉበት ነው። ይህ ልማድ የተስፋፋው በ1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ በኒው ለንደን ከተማ ሽታ የሌለው ጋዝ በትምህርት ቤት ውስጥ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ልጆችና መምህራን ካለቁ በኋላ ነው። ሽታ ለጠፋበት ሰው ዛሬም ያ ጋዝ ሽታ የለውም። ስለዚህ የሲሊንደሩን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ ማታ ማታም መዝጊያውን ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልገዋል። የከሰል ጢስ የሚገድለው ክፍል ለማንም አይሸትም፤ ግን እኛ ቢያንስ ጭሱ ሸትቶን መስኮት እንከፍታለን። ለወተትና ለወጥ ደግሞ የተቀመጠበትን ቀን መጻፍ ወይም ሌላ ሰው ማሸተት ነው።

መፍትሔውስ? አስቀድሞ የአንገት በላይ ሐኪም ማየት፤ መዘጋት ከሆነ የሚታከም ነውና። ነርቭ ከሆነ በሐኪሞች ዘንድ ብዙ የሚመከረው ልምምድ ነው። በጀርመን አገር በድሬስደን ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ነው፤ ጠዋትና ማታ አራት ሽታዎችን እያንዳንዳቸውን ለ10 ሰከንድ ያህል እያስታወሱ ማሽተት፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። አራቱ ሽታዎች ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ ናቸው። እኔ ይህን ሳነብ ሳቅሁ። ሎሚና ቅርንፉድ ከጉልት ይገኛሉ፤ ባሕር ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን የሸፈነ ነው፤ ጽጌረዳም በየግቢው አለ። ዋጋው ትዕግሥት ብቻ ነው። ሁሉንም አያድንም፤ የሚሻላቸውም ቀስ ብለው፣ አንዳንዴ በዓመትና በሁለት ዓመት ነው። ደግሞም በኃይል መማግ ሳይሆን በዝግታ ማሽተት፣ በሚያሸቱበትም ጊዜ ያ ሽታ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ይገባል።

የቤተሰብ ድርሻ ቀላል ነው። የሚያስጠላውን አለማስገደድ፤ ትኩስ ምግብ የበለጠ ስለሚሸት አቀዝቅዞ ማቅረብ፤ «የማይታይ በሽታ አመጣህ» አለማለት። እኚያ እናት በመጨረሻ ለልጃቸው፣ ልጃቸውም ለጎረቤት ነገረች። ንስሐ አባታቸውም ሰምተው ከበሩ አጠገብ ነፋስ በሚገባበት ቁመው እንዲያስቀድሱ ነገሯቸው። ጎረቤቶቹ ዛሬ ቡናውን ቀድመው ይቆሉና ቤቱን አናፍሰው ይጠሯቸዋል። እሳቸው ሻይ በቅርንፉድ ነው የሚጠጡት፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሸተታቸው ዘንድሮ ነው።