የባዮሎጂ ላቦራቶሪና የቤሌ እንሰት

የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ዕቃ ጉዳይ የሳይንስ ተማሪዎች ፈንታ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች አንስማማም። የላቦራቶሪው ጉድለት እስከ ገበሬው ጓሮ ይደርሳልና።

ለምሳሌ ወላይታን እንውሰድ። በቤሌና በአካባቢው እንሰት የብዙ ቤተ ሰብ ምግብ ነው። የዚህ ተክል ዋና ጠላት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ሲሆን፥ አምጪው ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስታውቀዋል። በሽታው የታመመውን በቆረጠ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ይተላለፋል፤ ከዚህም የባሰው፥ ደኅና መስሎ የሚታይ ችግኝ በሽታውን በውስጡ ሊይዝ መቻሉ ነው።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፥ የዚያ ጓሮ ልጅ በአገሩ ባዮሎጂ ሊማር ችሏል። ታዲያ ይህን ስውር ጠላት በምን ይየው? ማይክሮስኮፕ 1000 ጊዜ አጉልቶ ባክቴሪያን ያሳያል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ መልካቸው አንድ ስለ ሆነ የትኛው እንደ ሆነ አይለይም። የሚለየው በ1983 እ.ኤ.አ. ኬሪ ሙሊስ ያገኘው ፒ.ሲ.አር. የተባለው ዘዴ ነው። ይኸውም የተፈለገውን የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ እያሞቀና እያቀዘቀዘ በየዙሩ እጥፍ ያደርገዋል፤ በ30 ዙር አንዱ ቁራጭ ወደ አንድ ቢሊዮን ገደማ ይደርሳል። ከዚያም በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲነዳ አጭሩ ይቀድማል፥ ረጅሙ ይዘገያል፤ የፈለግነው ቁራጭ መኖሩም በዚህ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ላቦራቶሪ ማሻሻል ማለት ይህን መሣሪያ መግዛት ብቻ አይደለም። ሥራውን የሚሠራው ኤንዛይም ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ጠፍቶ ቢሰነብት፥ ጄኔሬተርም ባይኖር፥ ውዱ መሣሪያ ባዶ ሣጥን ነው። ጠጋኝና መለዋወጫ ከሌለውም እንዲሁ።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይበጃል። አንደኛ፥ ሁለት ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ እንዲደርሰው፤ ሃያ ሰው ተሰልፎ የሚያየው ትምህርት ትርኢት እንጂ ልምምድ አይደለምና። ሁለተኛ፥ ዲ.ኤን.ኤ.ን ከሽንኩርት በጨው፥ በሳሙናና በቀዝቃዛ አልኮል ማውጣት፤ ይህ ከወጥ ቤት ዕቃ ብዙም አያልፍም። ሦስተኛ፥ የማይቋረጥ መብራትና ማቀዝቀዣ። ፒ.ሲ.አር. ከነባለሙያው ከዚህ በኋላ ይምጣ።

እጁ ያልተለማመደ ምሩቅ ወደ ቤሌ ቢመለስ፥ ለገበሬው የሚነግረው ገበሬው ራሱ የሚያውቀውን ብቻ ነው፤ እንሰቱ ጠውልጓል ብሎ። ችግኙ ከመተከሉ በፊት የሚነግረውን ምሩቅ ማፍራት ግን የላቦራቶሪው ግዴታ ነው፤ ይህንም መጠየቅ የሁላችንም ነው።