የታመመ የቲም ውኃ እስኪጠይቅ አይጠበቅም

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



በሰው ቤት የሚያድግ ልጅ የቀረበለትን ይበላል፤ «ጠማኝ» ብሎ መጠየቅ ግን ያፍራል። ይህ ሐፍረት በጤናው ጊዜ ብዙም ላይጎዳው ይችላል። ብርቱ ጉንፋን (ኢንፍሉዌንዛ) ሲይዘው ግን ለአደጋ ያጋልጠዋል፤ ትኩሳቱም ላቡም ቶሎ ቶሎ መተንፈሱም የሰውነቱን ውኃ ያጎድላሉና። ትኩሳቱ ከበረደ በኋላም ሳሉና ድካሙ ስለሚሰነብቱ «ድኗል» ተብሎ መተው የለበትም። በብዙ ቤቶች እንደ መድኃኒት የሚቆጠረው በብርድ ልብስ ደራርቦ ማላብም የጎደለውን ውኃ ይበልጥ ያጎድላል እንጂ አይጠቅምም።

ስለዚህ አሳዳጊዎች ሳይጠየቁ ያቅርቡለት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት ወይም ሾርባ ጥቂት ጥቂት እያሉ ቶሎ ቶሎ መስጠት በአንድ ጊዜ ብዙ ከማስጠጣት ይሻላል። የሚያስመልሰው ወይም የሚያስቀምጠው ከሆነ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ይሰጠው። ባለ 1 ሊትሩ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ውኃውን ማሳነስ ጨዉን ስለሚያበዛ ልጁን ይጎዳል። የተበጠበጠውም ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር አይሰጥም።

በሽተኛን በምግብና በመጠጥ ማስገደድ እንደማይገባ በቲርሚዚና በኢብን ማጃህ የተዘገበውን ሐዲስ በማሰብ ልጁን ዝም የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። የተከለከለው ማስገደድ ነው፤ በእርጋታ ማቅረብና ማባበል ከማስገደድ አይቆጠርም። ወቅቱ ረመዷን ቢሆንም ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ጾም ግዴታው አይደለም፤ ለታመመ አዋቂም ማፍጠርና በሌላ ጊዜ ቀዷ ማውጣት እንደተፈቀደ በሱረቱል በቀራ 185ኛ አያ ተገልጿል። ከቤተሰቡ ጋር ለመመሳሰል ሲል ሕመሙን ደብቆ የሚጾም የቲም እንዳይኖር አደራ እንላለን።

አፉ የደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ የሌለው፣ ዓይኑ የጎደጎደ ወይም ለ8 ሰዓታት ያህል ያልሸና ልጅ፣ እንዲሁም መተንፈስ ያስቸገረው ወይም አልነቃ ያለ ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ለጋሾቻችንም በሽተኛን መጠየቅ ሱና መሆኑን ታውቃላችሁ። የምትረዱት ልጅ መታመሙን ስትሰሙ ከወርሃዊው ድጎማ ሌላ ውኃ ለማፍላት የከሰል ዋጋ ጨምሩ፤ ከአልጋው አጠገብም ቁጭ ብላችሁ ዛሬ ምን እንደጠጣ ጠይቁት።